ጠበቃዋ ከየትኛው ወገን ትቆጠር?

አዋጅ!

ከወልድያ መናኸሪያ እስከ መርሳ ገበያ፣ ከመርሳ ገበያ እስከ ውርጌሳ ያላችሁ፣ በባጃጅም በእግርም የምትሄዱ፣ ሚዛን የያዛችሁ፣ አካፋ የያዛችሁ፣ ስልክ ብቻ የያዛችሁ ሁሉ ልብ በሉ። ጠበቃ መቅደላ ሀይሉ፣ ቁመቷ ከነጫማዋ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት፣ በችሎት «እባክሽ ጮክ በይ» የምትባል፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር፣ ከጥር ወር ጀምሮ ከነፍሰ ገዳይ ወገን የተቆጠረች መሆኗን ዐውቃችሁ፣ የሟች ወገን የሆናችሁ ሁሉ ከእርሷ ጋር ማዕድ እንዳትቆርሱ፣ ሰላምታ እንዳትለዋወጡ፣ ደጃችሁን እንዳታስረግጧት!

ይህን አዋጅ ማንም አልጻፈውም። ቁጥር የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ በየትኛውም ጋዜጣ አልወጣም። ሰው ሁሉ የሚያከብረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አዋጁ የወጣባት ሴት ማን ናት? የተወለደችው ከውርጌሳ ከፍ ብሎ፣ ቆርቆሮው ከአስፋልቱ ላይ ከሚታይ ቤት ነው። እናቷ ብዙነሽ የሞቱባት በአምስት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ሀይሉ እርሷንና የእህታቸውን ልጅ መልካሙን ከአንድ ትሪ እያበሉ አሳደጉ። ሁለቱ ሲጣሉ ራሳቸው አይገላግሉም፤ ልጅቷን ይጠሩና «ዳኛዬ፣ በይ ፍረጂ» ይላሉ። እርሷም ተከሳሽም ዳኛም ሆና ትፈርዳለች። ብዙውን ጊዜ በራሷ ላይ ትፈርድ ነበር ይባላል። ያኔውኑ በሽታው ነበረባት ማለት ነው።

ሕግ ተማረች። ተመልሳ መጥታም ሦስት ዓመት በወረዳ ዳኝነት ተቀመጠች። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አቶ ሀይሉ በገበያ ቀን መርሳ ወርደው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ የታጠበ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከችሎቱ የኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ክስ የላቸውም፣ ምስክር አይደሉም፣ ዘመድ አልታሰረባቸውም። የሰው የድንበር ክርክር ከጥግ እስከ ጥግ አዳምጠው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በአገራችን ለደስታ ብሎ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ከእርሳቸው በቀር አልተመዘገበም።

ከዚያ ልጅቷ ሥራውን ለቀቀች። ምክንያቷን ለጠየቃት ሁሉ የምትለው አንድ ነው። «ዐቃቤ ሕጉ ፋይል አለው። ፖሊሱ ማዕረግ አለው። እኔ ካባ አለኝ። ተከሳሹ ቀበቶ እንኳ የለው፤ ፈትተውበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የሚቆመው። ሦስት ዓመት ያንን እጅ አየሁ።» አባቷ «ከወንበር ወርደሽ ከእስረኛ ጎን ልትቆሚ?» ብለው ሦስት ወር አኮረፉ። አራተኛው ወር ላይ ማኩረፉ ሰለቻቸውና ታረቁ።

ወልድያ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት። የወንጀል ጉዳይ ብቻ ትይዛለች። ባለፈው ዓመት ከያዘቻቸው መዝገቦች ስመ ጥሩው፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ሰደበ የተባለው ገበሬ ጉዳይ ነው። ክሱ ስድቡን ምንም ሳያስቀር ስለጠቀሰው፣ በችሎት ሲነበብ የሰማ ሁሉ አጥንቶት ወጣ። ገበሬው በነፃ ተሰናበተ። ስድቡ ግን እስካሁን መርሳ ገበያ ውስጥ ይሠራል።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በከተማው ኤፍ ኤም ትቀርባለች። ብሌን የምትባለው አዘጋጅ «የሕግ ባለሙያዋ» እያለች ታስተዋውቃታለች፤ መቅደላም ስለ ዋስትና፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ብርበራ ታብራራለች። የተማረው ጎረምሳ አይሰማትም፤ እርሱ ስልኩ ላይ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ያያል። የሚሰሟት ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዙ ሴቶች፣ ባጃጅ ነጂዎችና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ሽማግሌው እንመጣለን።

አሁን ወደ ደሙ። ባለፈው ኅዳር፣ ሽንኩርት ውሃ በሚጠማበት ወር፣ መልካሙ ጠዋት ከመስኖ ጎረቤቱ ከይስማው ጋር በውሃ ተራ ተጣላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መልካሙ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ቦዩ ውስጥ ተገኘ። አንድ ሰው ከማዶ ሆኖ «አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሲሮጥ አየሁ» አለ። ይስማው አረንጓዴ ጃኬት አለው። ልብ በሉ፤ በዚያ ዓመት አንድ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ መርሳ ላይ አርባ አረንጓዴ ጃኬት በአንድ ገበያ ጨርሷል። ሠላሳ ዘጠኙ ቤታቸው ገቡ፣ አንዱ ታሰረ።

መቅደላ መልካሙን አልቅሳ ቀበረች። ሦስት ቀን ድንኳን ተቀመጠች። ድምጿ ተዘግቶ የዚያን ሐሙስ ሬዲዮው ዘፈን ብቻ ሲያጫውት ዋለ።

ጥር ላይ ይስማው ተከሰሰ፤ ጠበቃ የማቆም አቅም ስለሌለው ጠበቃ ይፈለግለት ተባለ። የመጀመሪያው ጠበቃ ስኳር አለብኝ አለ። ሁለተኛው ደም ግፊት። ሦስተኛው ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። መቅደላ ይህን ሰምታ ማረሚያ ቤት ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሄደች ራሷም በቅጡ አታውቅም።

«አንተ ነህ?» አለችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ጠዋት ተጣልታችኋል።»

«ውሃ ነው እኮ እቴ! በየሳምንቱ እንጣላለን። የፊተኛው ሳምንት እሱ ነው አካፋ ያነሳብኝ። በነጋታው ሲያየኝ 'ትላንት ብመታህ ኖሮ ዛሬ ማን ያግዘኝ ነበር' ብሎ ሳቀብኝ።»

መቅደላ የመልካሙን አሳሳቅ ታውቀዋለች።

«እኔ የሟች እህት ነኝ። ታውቃለህ?»

«ለዚህ ነው አንቺን የምፈልገው። ሌላው ጠበቃ ለኔ ሲል ነው የሚጠይቅ። አንቺ ለመልካሙ ስትይ ትጠይቂያለሽ።»

በማግስቱ ችሎት ቀርባ ዝምድናዋን ሳትደብቅ ተናገረች። ዳኞቹ ተከሳሹን «ትቀበላታለህ?» ብለው ጠየቁት፤ ሱሪውን በእጁ እንደያዘ «እቀበላለሁ» አለ። መዝገቡን ተረከበች፤ በነፃ። የዚያን ዕለት ማታ በውርጌሳ ያልተጻፈው አዋጅ ወጣ።

እርሷ አላመነችም። ቅዳሜ ተነሥታ አባቷ ዘንድ ሄደች። አቶ ሀይሉ ከአጥሩ በር ላይ አዩዋት፤ ከዚያም ቀስ ብለው ዞሩና ጀርባቸውን ሰጧት። አልተሳደቡም። አልገቡም። ቆሙ። እርሷም ቆመች። የአባቷ ጋቢ ትከሻው ላይ አንድ ቦታ ተቀዷል፤ «ማን ይሰፋላቸዋል?» ብላ አሰበች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር፤ ስድብ ቢያንስ ድምፅ አለው።

ጎረቤታቸው ነሲባ ወጥታ እጇን ይዛ ወደ መንገድ መለሰቻት።

«መቅዲ፣ ጠልተውሽ እንዳይመስልሽ። ደም አለ። ደሙ በአበጋር እስኪደርቅ አፋቸውን አይከፍቱልሽም።»

«እኔ ምን አደረግሁ ነሲባ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሬዲዮ ላይ የምታስረጂው አንቺ።»

አበጋር የሚባሉት የወሎ የደም ሽማግሌዎች ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል፤ ማንም አልሾማቸው፣ ማንም አይሽራቸው። ገዳይና ሟች ወገን በወንዝ ግራና ቀኝ ተቀምጦ፣ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ፣ ሁለቱ ወገኖች ሰላም አይባባሉም።

ከዚያ ወዲህ መቅደላ አንድ ሥራ አበጀች። መርሳ ቀጠሮ ባላት ቀን ጉዳይዋን ጨርሳ ወደ ወልድያ በመመለስ ፋንታ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ትሳፈራለች። ውርጌሳ አትወርድም። በመስኮት በኩል ትቀመጥና የቆርቆሮው ጣሪያ ብልጭ ሲል ታያለች። ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ ሃያ እስክትቆጥር ይታያል። ሹፌሩ ቸኩሎ ከነዳ አሥራ አራት። አንድ ቀን በግ መንገድ ላይ ገብቶ መኪናው ሲቆም ስልሳ ስድስት ደረሰች፤ አባቷ ጓሮ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ሲነቅሉ አየች። ያን በግ እስከ ዛሬ ታመሰግነዋለች። ከዚያ ቀጣዩ ከተማ ላይ ወርዳ፣ ሌላ መኪና ይዛ፣ በሌላው በኩል ተቀምጣ ትመለሳለች። ሕግ የተማረ ሰው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው? ነው።

ወሬ የሚያመላልስላት ሚስባህ ነው፤ ከመርሳ ውርጌሳ ባጃጅ የሚነዳ፣ የሰፈሯ ልጅ፣ ምላሱ ከባጃጁ የሚፈጥን።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትስቂም?»

«እሺ።»

«አባትሽ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮኑን ከፍተው መስኮት ላይ ያስቀምጡትና እሳቸው ውጭ ወጥተው አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። 'ምን ያደርጋሉ?' ብላቸው 'ንፋስ እየተቀበልሁ ነው' አሉኝ። 'ሬዲዮኑስ?' ስላቸው 'እሱ ይስማ። እሱ ደም የለበት' አሉኝ።»

መቅደላ አልሳቀችም። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ግን ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ታስጠጋለች። በችሎት ጮክ በይ የምትባለዋ ሴት በሬዲዮ መጮኽ ጀመረች። ብሌን ስንቴ «ቀንሺ፣ ይጮሃል» አለቻት። ከመስኮት እስከ አጥር ያለውን ርቀት ብሌን ምን ታውቃለች።

አንድ ሐሙስ ስለ ንጹሕነት ግምት አስረዳች። ማንም ሰው ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ ይቆጠራል አለች። ከመርሳ አንድ ሰው ደወለ።

«እህቴ፣ እና ሟቹን ምን እንበለው? ሞተ ተብሎ ይገመታል?»

«ሟቹ ሞቷል ወንድሜ። የምንገምተው ስለ ገዳዩ ነው።»

«ሟቹ ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

ብሌን መስመሩን ልትቆርጥ እጇን ስትሰድ መቅደላ ያዘቻት። «ነው» አለች። «ለዚህ ነው የተሳሳተ ሰው እንዲታሰርበት የማልፈልገው። ልሳሳት እችላለሁ። ማን እንደገደለው አላውቅም። አንተም አታውቅም።» ከዚያ ከፕሮግራሙ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ጨመረች፦ «ለሚሰሙኝ ሁሉ፣ ትከሻው ላይ የተቀደደ ጋቢ ያለው ሰው ካለ ብርዱ ሳይገባ ያሰፋው።» ብሌን የልብስ ሰፊ ማስታወቂያ መስሏት ደነገጠች።

እንግዲህ ባለፈው ሰኞ፣ ሼህ አብዱልመሊክና አቶ ሀብቴ፣ ሁለቱ አበጋሮች፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ደረጃ እየተደጋገፉ ወጡ። መቅደላ ሁለቱን ወንበሮች ሰጥታ ራሷ ቆመች። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ጨርሷል፤ ፍርድ ቤቱ ይስማው ይከላከል ወይስ በነፃ ይሰናበት የሚለውን ለመወሰን ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ቀጥሯል። ሽማግሌዎቹ ግን የመጡት ስለ ቅዳሜ ነው።

«ቅዳሜ ደም እናደርቃለን» አሉ ሼህ አብዱልመሊክ። «የይስማው ቤተሰብ እሺ ብሏል። የገዳይ ወገን ስንቆጥር አርባ ሦስት ሰው ሆነ። አርባ አራተኛ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ጠበቃ ነኝ ሼህ። ወገን አይደለሁም።»

«ለሱ ስትናገሪ አልነበር?»

«ነበር።»

«ተከፍሎሽ?»

«በነፃ ነው።»

ሼህ ወደ አቶ ሀብቴ ዞሩ። «ሰማህ? ተከፍሏት ቢሆን ሥራዋ ነው እንል ነበር። በነፃ ለሰው የሚሟገት ከዘመድ በቀር ማን አለ?»

«ጠበቃ ለድሃ በነፃ ይሥራ ያለው መንግሥት ነው።»

«ሁሉም ጠበቃ ተብሏል» አሉ አቶ ሀብቴ። «እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ክርክር በየትኛውም ችሎት ገጥሟት አያውቅም። የሕግ ትምህርት ቤት መልሱን አላስተማራትም፤ አያውቀውምና።

«ቅዳሜ ድንጋይ ተሸክሜ ከመጣሁ፣ ማክሰኞ ዐቃቤ ሕግ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? 'የገዛ ጠበቃው ደሙን ተቀብላለች' ይላል።»

«እኛ ለማን እንናገራለን?»

«ሼህ፣ ቅዳሜ ስልክ ሳይዝ የሚመጣ ሰው አለ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሀብቴ በቀስታ የገዛ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ጨመሩ።

«የገዛ ዘመዶቹ ተቀብለው የለ?» አሉ ሼህ።

«ዘመዶቹ የተቀበሉት ልጆቻቸው ሳይፈሩ ገበያ እንዲወጡ ነው። እሱ ግን አልተቀበለም። እኔ የእሱ አፍ ነኝ፤ የቤተሰቡ አይደለሁም።»

ሼህ አብዱልመሊክ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ዝርዝሩ ቅዳሜ ከተዘጋ አይከፈትም። ያልመጣ በደሙ ውስጥ ይቀራል። አባትሽ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቢታመሙ አትጠይቂያቸውም። ቢሞቱ አትቀብሪያቸውም።»

መቅደላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ታች ፎቶ ኮፒው የሰው ክስ እያባዛ ነው።

«አባቴ ዝርዝሩን ሰምተዋል?»

«ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

«ስምሽ ጋ ስንደርስ 'ድገሙት' አሉ። ደገምነው። 'አሁንም ድገሙት' አሉ። ሦስት ጊዜ አስነበቡን። እኛ ጆሯቸው ደክሞ መስሎን ነበር።» ሼህ ቀና ብለው አዩዋት። «ጆሯቸው አልደከመም።»

መቅደላ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። ጀርባ መስጠት በዘር ነው የሚወረስ መሰለ።

«አልመጣም» አለች። «ይስማውን በጀርባዬ ተሸክሜ አልሰጠውም። ሌላ መንገድ የለም?»

ሽማግሌዎቹ አብረው አንሾካሾኩ። አቶ ሀብቴ «በአባቴ ጊዜ አንድ ሰው በስሕተት ተቆጥሮ…» ብለው ጀመሩ። ሼህ ቀጠሉት። ሰው በስሕተት ከወገን ከተቆጠረ፣ አንድ ሌላ ሰው ቅዳሜ መጥቶ፣ ድንጋይ ሳይሸከም፣ ከሁለቱ ወገን መሀል ከወንዙ አሸዋ ላይ ቆሞ «ይህች ከደሙ የለችበትም» ብሎ በቃሉ ቢያወጣት፣ ስሟ ይፋቃል። ያን ጊዜ አባትየው ወደ እርሷ ይዞራሉ።

«ግን ያ ሰው» አሉ ሼህ፣ «ከሁለቱም ወገን ደም የሌለበት፣ በጋብቻም በጡትም ያልተነካካ ይሁን። ነገሩን ከሥሩ እስከ ጫፉ የሰማ ይሁን። ማን እንደገደለ ዐውቃለሁ የማይል ይሁን።»

«ሰው ይገኛል» አለች መቅደላ።

አልተገኘም። በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያልተጋባ፣ አበልጅ ያልሆነ፣ የጡት ልጅ ያልሆነ ሰው ፍለጋ ሚስባህ ባጃጁን ሦስት ቀን አዞረ። ነሲባ «እኔ!» ብላ ተነሣች፤ እናቷ መልካሙን ማጥባታቸው ተረጋገጠ። ብሌን ልቧ ቀና ነበር፤ ባሏ የይስማው የአጎት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከደቡብ የመጣ አንድ መምህር አለ፤ በየስብሰባው ስለ ባህላዊ የግጭት አፈታት ጥናት የሚያቀርብ፣ አንድም አበጋር አይቶ የማያውቅ። ማክሰኞ ደስ ብሎት እሺ አለ። ረቡዕ ከሁለት የታጠቁ ወገኖች መሀል እንደሚቆም ሲነገረው ቅዳሜ ወርክሾፕ እንዳለበት ትዝ አለው። የተማረው ክፍል ለሕዝቡ ያለውን ፍቅር ሁልጊዜ በሩቅ ሆኖ ነው የሚገልጸው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። መቅደላ ስቱዲዮ ገብታለች፤ ርዕሱ ስለ ይግባኝ ነው፤ ማይክሮፎኑን አስጠግታ ትጮኻለች። ነገ ዓርብ። ሼህ አብዱልመሊክ ዝርዝሩን ይዘው እየጠበቁ ነው፤ አርባ አራት ስም።

አንተ ይህን የምታነብ። አንቺም። ውርጌሳ አክስት የለህም አይደል? ከመርሳ አላገባህም? ጡት ያጠባህ ሰው በዚያ በኩል የለም? ነገሩን ከሥሩ እስከ ጫፉ ሰምተሃል፤ እኔው ነኝ የነገርሁህ፤ ማን እንደገደለም አታውቅም፤ እኔም አልነገርሁህም፣ አላውቀውምና። የሚጠየቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። መኪናው ውርጌሳ ይቆማል፤ ወንዙ ከአስፋልቱ የእግር መንገድ ነው። ንገረኝ እስቲ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምን ሥራ አለህ?